የአሮጌ ሞተር ሳይክል የሳጥን ቁልፍ፦ ማደስ፣ ማስማማት ወይስ መቀየር?

ለረጅም መንገድ የተሠራ አሮጌ ሞተር ሳይክል ስትገዙ ብዙ ጊዜ አንድ እፍኝ ቁልፍ አብሮ ይመጣል። አንዱ የማስነሻው ነው። አንዱ የግራው ዕቃ መያዣ ሳጥን፣ አንዱ የኋላው። አራተኛው የምን እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። የእኔም እንዲሁ ነበር። የቀኙን ሳጥን የሚከፍት ቁልፍ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። ክዳኑ በላስቲክ ገመድ እንደታሰረ ነው የተረከብኩት።

ነገሩ ምክንያት አለው። ሞተሩ አዲስ ሳለ አንድ ቁልፍ ሁሉንም ይከፍት ይሆናል። በሃያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግን ሞተሩ ይወድቃል፣ ሳጥኑ ይሰነጠቃል፣ ከሌላ ሞተር በተፈታ ሳጥን ይተካል። አዲሱ ሳጥን ከነቁልፉ ይመጣል። ሌሎች ሞተሮች ደግሞ ከመጀመሪያውም ሳጥን አልነበራቸውም። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ እ.ኤ.አ. በ1975 ገበያ ሲገባ የፋብሪካ ሳጥን አልነበረውም፤ ባለቤቶቹ ከሌላ አምራች እየገዙ ይገጥሙ ነበር። ከፋብሪካው ከነሳጥኖቹ የወጣው በ1980 የመጣው ኢንተርስቴት የተባለው ሞዴል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሳጥኑ የሞተሩ የራሱ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ? መልሱ ከታች ያሉትን ምርጫዎች ግማሹን ይወስናል።

የእኔን አቋም ገና ከመነሻው ልናገር። ለአብዛኛው አሮጌ ሞተር የሚሻለው ኦሪጅናሉን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የሚዞር ክፍል፣ አጽድቶ ከማስነሻው ቁልፍ ጋር ማስማማት፣ ማለትም በዚያው ቁልፍ እንዲከፈት ማድረግ ነው። አዲስ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው።

የታመመው የትኛው ነው?

ሦስት ነገሮችን ለዩ፤ ቁልፉን፣ ሲሊንደሩን እና መቀርቀሪያውን። ብዙ ሰው ለሦስቱም «ቁልፉ ተበላሸ» ይላል። ከዚያ ሙሉ ዕቃ ይገዛል። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ቁልፉ እስከ መጨረሻው ካልገባ ውስጡ ቆሻሻ አለ፣ ወይም የተሰበረ ቁልፍ ቀርቶበታል፣ ወይም ቁልፉ የዚያ ሳጥን አይደለም። ገብቶ እምቢ ብሎ፣ በፀጉር ስፋት ወደ ኋላ ስትስቡት የሚዞር ከሆነ ቁልፉ አልቋል ማለት ነው። ጥርሶቹ ኪስ ውስጥ ከሌላ ቁልፍ ጋር ሲፋጩ ኖረው ተሞርደዋል። ክዳኑን በሌላ እጃችሁ ጫን ስትሉት የሚዞር ከሆነ ደግሞ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። የተጣመመው ክዳኑ ወይም ማጠፊያው ነው፤ ወይም ሳጥኑ ከልክ በላይ ታጭቋል። ቁልፉ ያለ ትግል ዞሮ ክዳኑ ካልተከፈተ ችግሩ ከኋላ ነው። ከሲሊንደሩ ጭራ ላይ ያለችው ምላስ ወልቃለች፣ ወይም እሷ የምትጎትተው ዘንግ ተላቋል።

ይህ ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ምላሷ ወልቃ ሳለ ሲሊንደር የገዛ ሰው አውቃለሁ። አዲሱን ሲሊንደር ገጠመ፤ ክዳኑ ግን አሁንም አልከፈት አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ እንግባባ። የሳጥን ቁልፍ ከቤት በር ቁልፍ ጋር አይወዳደርም። ክዳኑ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ የቆረጠ ሰው በወፍራም ካቻቢቴ ይፈለቅቀዋል። ቁልፉ የሚከለክለው መንገድ ላይ ሲያልፍ እጁን የሚዘረጋውን ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሥራም አለው። በብዙ ሞተሮች ላይ ሳጥኑን ከሞተሩ ጋር የሚይዘውን እጀታ የሚቆልፈውም ይኸው ሲሊንደር ነው። እሱ ከላላ የሚጠፋው ዕቃችሁ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ራሱ በፍጥነት ላይ እያላችሁ ሊወድቅ ይችላል፤ ከኋላችሁ ደግሞ ሰው እየነዳ ነው። እኔ ስለ ሳጥን ቁልፍ አብዝቼ የምጨነቀው በዚህ ነው።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው

የሞተር ሳጥን ቁልፍ በአብዛኛው የላሜራ ቁልፍ ነው። የሚዞረው ሲሊንደር ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሲሊንደሩ ላይ በተርታ ስስ ስንጥቆች አሉ። በእያንዳንዱ ስንጥቅ አንዲት ስስ የነሐስ ላሜራ ትገባለች። ላሜራዋ መሃሏ ክፍት ነው፤ ቁልፉ የሚያልፈው በዚያ ነው። በጎኗ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ሞላ ወደ ውጭ ትገፋታለች። ቁልፍ ከሌለ ላሜራዎቹ ከሲሊንደሩ ገላ ወጣ ብለው የቤቱን ግድግዳ ይነክሳሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም ከገላው ጋር እኩል ይሆናሉ። ያኔ ሲሊንደሩ ይዞራል።

ላሜራዎቹ የሚለያዩት ክፍታቸው በተቆረጠበት ከፍታ ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጊዜ አራት ዓይነት ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ1 እስከ 4 ላያቸው ላይ ተመትቶ ይገኛል። እንግዲህ ኮድ የሚባለው ነገር የእነዚህ ቁጥሮች ተርታ ነው። አምስት ላሜራ ያለው ሲሊንደር በአራት ዓይነት ከፍታ 1,024 ዓይነት ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ክብ ቁልፍ ያለው፣ እንደ ቱቦ የሆነው ዓይነትም አለ። እሱ በላሜራ ሳይሆን በክብ በተደረደሩ ስፒሎች ነው የሚሠራው። እቤት ተቀምጦ ማስማማት አስቸጋሪ ነው። እንደዚያ ከሆነ ለባለሙያ ስጡት ወይም ቀይሩት።

አንደኛው ምርጫ፦ ማጽዳትና ደህና ቁልፍ ማስቀረጽ

ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። የአሮጌ ሞተር ሳጥን ዝናብና አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። የሲሊንደሩ ቤት ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ነጭ ዱቄት ያወጣል። ያ ዱቄት ላሜራዎቹን ይይዛቸዋል።

የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ በቀጭኑ ቱቦ ንፉበት። ቁልፉን አስገቡ፣ አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ እስኪነጣ ደጋግሙት። ከዚያ እስኪደርቅ ጠብቁ። ለዘለቄታው ደረቅ ማለስለሻ ይሻላል፤ የግራፋይት ዱቄት ወይም ደርቆ የሚቀር የቴፍሎን ስፕሬይ። ዘይትና ግራፋይትን አትቀላቅሉ። ተጣብቆ እንደ ጭቃ ይሆናል። ግራሶም እዚያ ውስጥ ቦታ የለውም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ብርድ ሲመጣ ሞላዎቹን ያዘገያል።

የእኔ የቀኙ ሳጥን ታሪክ እዚህ ጋ ይገባል። የትኛውም ቁልፍ ከግማሽ በላይ አይገባበትም ነበር። አዲስ ላዝ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ቀዳዳውን ሳየው ከውስጥ ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። የቁልፍ ስባሪ ነው። ስስ የሆነች የእንጨት መጋዝ ምላጭ ወሰድኩ፤ ጥርሷን ወደ እኔ አዙሬ ከስባሪው ጎን አስገባኋት። ስፕሬይ ነፋሁ። ምላጯን ወደ ስባሪው ጫን እያልኩ ቀስ ብዬ ሳብኩ። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጊዜ የጥፍር ስፋት ያላት ነሐስ ወጥታ መዳፌ ላይ ወደቀች። አራተኛውን ቁልፍ አስገባሁ። ዞረ። የምን እንደሆነ ያልታወቀው ቁልፍ የዚህ ሳጥን ነበር።

ስባሪ ስታወጡ ሁለት ነገር አስታውሱ። ሲሊንደሩ ቁልፍ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ትንሽ ዞሮ ከቀረ በስስ ካቻቢቴ መልሱት። ሱፐር ግሉ ቀብታችሁ ስባሪውን ልታጣብቁ አትሞክሩ። ማጣበቂያው ላሜራዎቹን ከነቤታቸው ያጣብቃል፤ ያ ሲሊንደር ከዚያ በኋላ ሲሊንደር አይደለም።

ስለ ቁልፉ ደግሞ፦ ያለቀ ቁልፍ ይዛችሁ ሄዳችሁ «አንድ አስመስልልኝ» አትበሉ። ማሽኑ ያለቀውን ነው የሚገለብጠው። ቁልፍ ቀራጩ በኮድ እንዲቀርጽላችሁ ጠይቁ። ኮዱ ከአዲሱ ቁልፍ ጋር በመጣች ትንሽ የብረት ታርጋ ላይ፣ በራሱ በኦሪጅናሉ ቁልፍ ላይ፣ ወይም በሲሊንደሩ ገላ ላይ ተመትቶ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘም ችግር የለም። ሲሊንደሩን ፈታችሁ ውሰዱለት። የላሜራዎቹን ቁጥር አንብቦ ከፋብሪካ እንደወጣ የሆነ ቁልፍ ሊቀርጽላችሁ ይችላል። ሞተሩን ሳይሆን ሲሊንደሩን ይዞ መሄድ ሥራውንም ያቀልለታል።

ይህን አድርጋችሁ ቁልፎቹ ሁሉ ከሠሩ፣ አራት ቁልፍ መያዝም ካላስቸገራችሁ፣ እዚሁ አቁሙ። ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ኦሪጅናሉን ማስማማት

አንድ ቁልፍ ለሁሉም የሚለው ነገር ምቾት ብቻ አይደለም። በዝናብ ቆማችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ፣ ትክክለኛውን ቁልፍ ስትፈልጉ የተሳሳተውን በኃይል ታዞራላችሁ። የቁልፍ ስባሪ ሲሊንደር ውስጥ የሚቀረው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

ከምንም በፊት አንድ ፈተና አለ። የማስነሻውን ቁልፍ ወደ ሳጥኑ ሲሊንደር አስገቡ። መዞር የለበትም፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ይግባ። ከገባ የጎኑ ቦይና ስፋቱ አንድ ነው፤ ማስማማት ይቻላል። ካልገባ የቁልፎቹ ዘር የተለየ ነው፤ ላሜራ ብትቀያይሩ ምንም አይመጣም። የሞተሩ የራሱ ሳጥን ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገባል። በኋላ የተገጠመ የሌላ አምራች ሳጥን ከሆነ ባብዛኛው አይገባም። ያኔ ሳጥኖቹን እርስ በርስ አስማምታችሁ በሁለት ቁልፍ መኖር ነው፤ አንድ ለሞተሩ፣ አንድ ለሳጥኖቹ። ይህም ክፉ አይደለም።

አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። ሳጥኖቹን ወደ ማስነሻው ቁልፍ አምጡ። ማስነሻውን ወደ ሳጥኑ አትውሰዱ። የማስነሻው ሲሊንደር ብዙ ላሜራ ሊኖረው ይችላል፤ ከመሪ መቆለፊያው ጋርም የተያያዘ ነው። እሱ ላይ የሚሠራ ስህተት መንገድ ላይ ያስቀራል።

ሲሊንደሩን ለማውጣት መጀመሪያ ከክዳኑ ይፈታል። ከኋላው የፈረስ ኮቴ የመሰለች ብረት ትይዘዋለች፣ ወይም ብሎን። የአሮጌ ሞተር ፕላስቲክ ደርቋል፤ በብርድ አትታገሉት። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ አሳድራችሁ ፍቱት። ከዚያ ምላሷ ትወልቃለች። እንዴት እንደነበረች ፎቶ አንሱ። ምላሷ በአራት አቅጣጫ ልትገባ ትችላለች፤ ትክክለኛው ግን አንዱ ነው።

አሁን ቁልፉን አስገቡና የቤቱን ጎን ተመልከቱ። ትንሽ ቀዳዳ ካለ ከሥሯ ያለችው መያዣዋ ላሜራ ናት። በተዘረጋ አግራፍ ጫን ስትሏት ሲሊንደሩ ከነቁልፉ ተስቦ ይወጣል። ይህን ሥራ ትሪ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩት። የመጀመሪያውን ሲሊንደር ስፈታ ይህን አላደረግኩም። ቁልፉን ነቅዬ ላሜራዋን በወረንጦ ስስብ ሞላዋ ተስፈንጥራ ሄደች። ወለሉን በማግኔትና በባትሪ ስዳስስ አንድ ሙሉ ማታ አለፈ፤ አላገኘኋትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ ደግሞ መልቀሙም አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ እጄንና ሲሊንደሩን ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብቼ ነው የምፈታው።

ላሜራዎቹን ስታወጡ በተርታ ደርድሯቸው፤ ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ የቀኙ ሳጥን ከፊት ወደ ኋላ 3፣ 1፣ 4፣ 2፣ 2 ይል ነበር። የማስነሻዬ ቁልፍ የሚፈልገው 2፣ 4፣ 1፣ 3፣ 2 ነው። ሁለቱን ስታስተያዩ ቁጥሮቹ እነዚያው ናቸው፤ ቦታቸው ብቻ ይለያል። አንድም ዕቃ ሳልገዛ አቀያይሬ ጨረስኩ። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። አንድ ወይም ሁለት ላሜራ ሊጎድላችሁ ይችላል። ማስነሻው የሚፈልገውን ለማወቅ ማስነሻውን መፍታት አያስፈልግም። ባዶውን ሲሊንደር ያዙ፣ የማስነሻውን ቁልፍ አስገቡ፣ ላሜራዎቹን አንድ በአንድ ሞክሩ። ከገላው ጋር እኩል የምትሆነው የዚያ ቦታ ላሜራ ናት። ጥፍራችሁን አሳልፉበት፤ ጥፍር ከዓይን በላይ ያውቃል።

የጎደለውን ለመሙላት ሦስት መንገድ አለ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለያየው።

የመጀመሪያው ከሌላ የዚያው ዓይነት አሮጌ ሲሊንደር ላሜራ መውሰድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ያገለገለ ሲሊንደር፣ ቁልፍ የሌለውም ቢሆን፣ ለዚህ ወርቅ ነው።

ሁለተኛው ያቺን ላሜራ ትቶ ስንጥቁን ባዶ ማድረግ ነው። 1,024 ያልነው ቁጥር አሁን ይመጣል። አንድ ላሜራ ሲጎድል 256 ይሆናል። ሁለት ሲጎድል 64። ለሳጥን ቁልፍ አንዷን መተው ያስኬዳል እላለሁ፤ ሁለት ግን አልመክርም። ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ላሜራ ባነሰ ቁጥር እያንዳንዷ የምትሸከመው ጫና ይበዛል።

ሦስተኛው መሞረድ ነው። ቁልፉ ውስጡ ሆኖ ከገላው ወጣ ያለውን የላሜራ ጫፍ በስስ ሞረድ እኩል ማድረግ። ፈጣን ነው። ብዙ ሰውም የሚመክረው ይህንን ነው። እኔ አልወደውም። የተሞረደች ላሜራ ቁልፍ ሳይኖርም የቤቱን ግድግዳ በደንብ አትነክስም። ሌላ ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ሊያዞራት ይችላል። የነሐሱ ዱቄት ውስጥ ከቀረም ከዝገት አይሻልም። መንገድ ላይ ሆናችሁ ሌላ አማራጭ ካጣችሁ ሥሩት። አንዷን፣ ቢበዛ ሁለቱን። ከዚያ በላይ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ስትመልሱት በእያንዳንዷ ሞላ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ግራሶ አድርጉ። ከላይ ግራሶ አትቀቡ ብያለሁ፤ ይህ ግን ሞላዋ እንዳትወድቅ ለመያዝ ያህል ብቻ ነው። አንዳንድ ላሜራዎች ሞላቸው በግራ፣ ቀጥሎ ያለችው በቀኝ ነው። ያወጣችሁበትን ወረቀት እያያችሁ መልሱ።

ቁልፍ ቀራጭ ይሥራው ወይስ እኔ? እጃችሁ ትንንሽ ነገር ይወዳል፣ አንድ ማታ አላችሁ፣ እንግዲያው ራሳችሁ ሥሩት። ማስነሻው ላይ ሥራ ካለ፣ ክብ ቁልፍ ከሆነ፣ ወይም ቁልፍ የሌለው ሲሊንደር ከሆነ ለባለሙያ ስጡ። ባለሙያው የላሜራ ክምችት አለው። የሚያስከፍለውም ስለዚህ ክምችት ነው፤ ይገባዋልም።

ሦስተኛው ምርጫ፦ አዲስ ሲሊንደር

ሲሊንደሩ ራሱ ከተበላ፣ የላሜራ ስንጥቆቹ ከሰፉ ወይም ቤቱ ከተሰነጠቀ ማስማማት ድካም ነው። ሁለት ዓይነት አዲስ ዕቃ አለ።

አንዱ ኮድ ያልተሰጠው ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ለብቻ፣ ላሜራዎቹ ለብቻ ይመጣሉ። እናንተ ባላችሁ ቁልፍ ታስማሙታላችሁ። ቢኤምደብሊው ለሻንጣዎቹ እንዲህ ያለ ሲሊንደር ይሸጣል። ለአሮጌ ሞተር ከዚህ የተሻለ አዲስ ዕቃ የለም። ብረቱ አዲስ ነው፣ ቁልፉ ግን የቀድሞው ነው። የናንተን ሞዴልና ዓመት የሚመጥን መኖሩን በሻሲ ቁጥር አስፈትሹ።

ሌላው ከነቁልፉ የሚመጣ ስብስብ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሲሊንደር፣ ሁሉም በአንድ ቁልፍ። ሳጥኑ በኋላ የተገጠመ ከሆነ ይህ ያዋጣል። ጂቪን የመሰሉ የሳጥን አምራቾች በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ የሲሊንደር ስብስቦች ያወጣሉ። ጂቪ በጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፤ ስለዚህ የአሮጌ ሳጥን ሲሊንደርና የአሁኑ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የድሮውን ፈታችሁ በካሊፐር ለኩ፤ ከዚያ እዘዙ። በፎቶ ብቻ አትዘዙ። በፎቶ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሲሊንደሮች በርዝመት ሁለት ሚሊ ሜትር ይለያዩና ምላሷ መቀርቀሪያው ላይ አትደርስም።

የዚህ ምርጫ ጉዳቱ ግልጽ ነው። የሞተሩ ቁልፍና የሳጥኑ ቁልፍ ለዘለዓለም ይለያያሉ።

አራተኛው ምርጫ፦ ያገለገለ

ያገለገለ ሙሉ መቀርቀሪያ ከነቁልፉ ማግኘት የሚጠቅመው መቀርቀሪያው ሲሰበር ነው። የፕላስቲክ ጥርሱ፣ እጀታው፣ ዘንጉ በአዲስ አይገኝ ይሆናል። ለሲሊንደሩ ብላችሁ ከሆነ ግን አስቡበት። እሱም እንደናንተው ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ቁልፉ አብሮ ካልመጣ የምትገዙት ላሜራና ሞላ ነው፤ ይህን አውቃችሁ ከገዛችሁ ጥሩ ነው።

አምስተኛው ምርጫ፦ የዕቃ መደብር ቁልፍ

የመሳቢያና የቁም ሣጥን ቁልፍ ከሳጥኑ ጋር ይመሳሰላል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ያጓጓል። ሊገጥምም ይችላል። ለክታችሁ ግዙ፤ የቀዳዳውን ስፋት፣ ከክዳኑ በስተኋላ ያለውን ጥልቀት፣ የምላሷን ርዝመት፣ ሲሊንደሩ የሚዞረው ሩብ ዙር ይሁን ግማሽ ዙር። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ መውጣት መቻሉንም እዩ። አለዚያ ሳጥኑን ከፍታችሁ ዕቃ ስታወጡ ቁልፉ እዚያው ተሰክቶ ይቀራል።

ችግሩ ውኃ ነው። የቤት ዕቃ ቁልፍ ለዝናብ አልተሠራም። ብዙ ጊዜ የቀዳዳ ክዳን የለውም፤ ከሥሩ የሚገባ ጎሚኒም አብሮት አይመጣም። በአንድ ክረምት ይዝጋል። እኔ የምቀበለው ለጊዜው ብቻ ነው።

ክዳኑን በትራፓኖ በስቶ ከውጭ ጓጉንቸር ማንጠልጠልስ? በአሉሚኒየም ሳጥን ላይ ያስኬዳል፤ ብረቱ ይችለዋል። በፕላስቲክ ክዳን ላይ ግን አታድርጉት። ቀዳዳው ውኃ ያስገባል። የሞተሩ ንዝረት ከቀዳዳው ጫፍ ስንጥቅ ያስነሳል። ከዚያ በኋላ የምትፈልጉት ክዳን እንጂ ቁልፍ አይሆንም።

ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ከጠፋ

ወደ ትራፓኖ አትሩጡ። የሞተሩ የራሱ ሳጥን ከሆነ ኮዱን የሚያውቅ ሌላ ሲሊንደር በሞተሩ ላይ ሊኖር ይችላል፤ የመቀመጫው መቆለፊያ፣ የሄልሜት ማንጠልጠያው፣ የነዳጁ ክዳን። ከእነዚህ በቀላሉ የሚፈታውን አውጥታችሁ ለቁልፍ ቀራጭ ውሰዱ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እነዚህ ትንንሽ ሲሊንደሮች ከማስነሻው ያነሰ ላሜራ ሊኖራቸው ይችላል። ከእነሱ የተነበበው ቁልፍ ሳጥኑን ሊከፍት ይችላል፤ ሞተሩን ግን ላያስነሳ ይችላል።

የሚፈታ ሌላ ሲሊንደር ከሌለም ጥሩ ቁልፍ ቀራጭ ያልተቀረጸ ቁልፍ አስገብቶ፣ ላሜራዎቹ የሚተዉትን ምልክት እያየ እየሞረደ፣ እዚያው ላይ ቁልፍ ሊያወጣ ይችላል። ጊዜ ይወስዳል። ክዳኑ ግን ይተርፋል። መብሳት የመጨረሻው ነው።

ቺፕ ያለው ቁልፍ

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ሞተሮች ማስነሻ ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ አለ። ይህ ከሳጥኑ ጋር አይገናኝም። ሳጥኑ የሚያውቀው ጥርሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቺፕ የሌለው ተራ ቁልፍ በዚያው ጥርስ ብታስቀርጹ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ሞተሩን ግን አያስነሳም። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ከኋላችሁ ለሚቀመጠው ሰው የምትሰጡት ቁልፍ ይሄው ነው። የዝናብ ልብሱን ሊያወጣ ሲፈልግ የማስነሻውን ቁልፍ አይለምናችሁም፤ ውድ የሆነው ባለ ቺፕ ቁልፍም ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም።

ስትጨርሱ

ሲሊንደሩን ገጥማችሁ ክዳኑን ወዲያው እንዳትዘጉት። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ቁልፉን ሃያ ጊዜ አዙሩ። መቀርቀሪያውን በካቻቢቴ እየገፋችሁ እንደተዘጋ አስመስሉና ደግሞ ክፈቱት። ምላሷን የያዘችው ብሎን ላይ አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ አድርጉ፤ በንዝረት ቀድማ የምትላላው እሷ ናት። ማጣበቂያው ግን ፕላስቲኩን እንዳይነካው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ሲነካው ይሰነጠቃል። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ክዳኑን ዝጉ።

የላሜራዎቹን ተርታ የጻፋችሁበትን ወረቀት ቤት አስቀምጡት። ሳጥኑ ውስጥ አይደለም።